ቡላን ማን ያስወጣዋል?

ቦሌ ቡልቡላ፣ መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለአሞይ ኣብርሀት

በአባቴ ቦታ ሆነው ላሳደጉን ለእርስዎ እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥልን እያልኩ፣ እንደምን ሰነበቱ? የስቱትጋርት ብርድ እንዴት ተቀበለዎት? ልጅዎ ቂርቆስና ባለቤቱ ደኅና ናቸው? እኛ ተመስገን፣ ሁላችንም በሰላም አለን። ስልክ መስማት እንዳቃተዎት ልጅዎ ስለነገረኝ በእጄ ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም ልኬለታለሁ። በትልልቁ አትሞ ይሰጥዎታል።

ቤትዎ ደኅና ነው። ክረምቱ ያስፈሰሰውን የማድ ቤት ጣሪያ ባለቤቴ አረጋዊ አስጠግኖታል። እሱ እንደሚያውቁት መኪናው ላይ ነው የሚውለው፤ ልጆቹ ሲተኙ ይገባል። እኔም ኦሎምፒያ ካለው ቢሮ ወጥቼ፣ የታክሲ ሰልፍ ይዤ፣ ቤት ስደርስ ይመሻል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ቡላ ነው። ውሻዎ ግቢ ውስጥ አልጸዳዳም ብሏል። እርስዎ ለዓመታት ማታ ማታ ሲያስወጡት ስለኖሩ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ሥር ተቀምጦ ያለቅሳል። ሥራውን ለትልቋ ልጄ ለሮሃ ሰጠናት። አሥር ዓመት ሞልቷታል፣ ትችላለች ብለን። ግን ከበሩ ስትወጣ ጀምሮ እሷ ወዲህ ትጎትታለች፣ እሱ ወዲያ ይጎትታል። ተመልሳ ገመዱን ጥላ ታለቅሳለች። «ከዚህ የሒሳብ የቤት ሥራ ይሻለኛል» ትለኛለች።

ታናሽ ወንድሟ እዝራ ደግሞ ከበሩ አያልፍም። ምክንያቱን ያውቁታል። ከመቐለ ስንመጣ ይተወዋል ብለን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ፣ ገና በሕፃንነቱ የሰማው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ቀርቷል፤ እዚህ ደግሞ አውሮፕላኑ በጣሪያችን ላይ ነው የሚያልፈው። ትምህርት ቤትም በሰርቪስ፣ መስኮት ተዘግቶ ነው የሚሄደው።

እስኪመጡ ድረስ ቡላን የሚይዝ ሰው ብፈልግለት ቅር ይልዎት ይሆን? ደክሞኝ ነው እንጂ ጠልቼው አይደለም።

ምርቃትዎ አይለየን።
ልጅዎ ሄርሞን


ስቱትጋርት፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄርሞን

በአንቺና በቤትሽ ላይ የእመቤታችን ጥላ ይረፍ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የዘገየሁት ቂርቆስ ሥራ በዝቶበት ነው፤ እኔም ለመጻፍ ብርታት ያገኘሁት ዛሬ ነው። አንድ ቀን እየዘለሉ ደሜን በማሽን ያጥቡታል። ኩላሊቴ ሥራ ፈቷል። ከዚያ ስወጣ ሰውነቴ ዝናብ እንደመታው ጋቢ ይከብደኛል። ይኼን ለሐዘን አልነገርኩሽም፣ እንድታውቂው ነው።

ማሽኑ አጠገብ መስኮት አለ፤ ወደ መናፈሻ ያያል። አንዲት እናት ሦስት ልጆችና አንድ ጎባጣ ውሻ ይዛ ትመጣለች። ልጆቹ ሰርግ የተጠሩ ይመስል እየተሽቀዳደሙ ነው የሚመጡት። መጀመሪያ ገረመኝ፤ በኋላ ሥራ ስለሌለኝ ማጥናት ጀመርኩ። አንደኛው ልጅ ከዛፍ ጀርባ ይደበቃል፣ ሌላው ውሻውን «ፈልገው» ብሎ ይለቀዋል። ሲያገኘው እልልታው ነው። እኔ ባልሰማውም ከአፋቸው አየዋለሁ። መንገድ ሲለያይ እናትየው ገመዱን ታላላና ትቆማለች። ውሻው በመረጠው በኩል ሁሉም ይከተሉታል። ትንሿ ልጅ የውሻውን የውኃ ሳህን የመያዝ ሹመት አላት፤ ለማንም አትሰጥም።

የናንተ ጥፋት እዚህ ላይ ገባኝ። ሮሃን ላካችኋት። ልጅ ተልኮ አይጫወትም። አንቺም አብረሻት ውጪ፣ ቅዳሜና እሁድ እንኳ። ደክሞኛል እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ውጪ። ቡላንም አትጎትቱት፤ ቀኑን ሙሉ ግቢ ዘግታችሁበት ስትውሉ የሱ ጋዜጣ ያ መንገድ ነው፣ ያሽትት።

ለሰው እንዳትሰጪው። ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ። ምን እንደሚበላ ጻፊልኝ።

እዝራን በግድ አታውጪው። አሁንም አልጋ ሥር እየገባ ነው? ተይው፣ አትንገሪኝ።

አክስትሽ ኣብርሀት


ቦሌ ቡልቡላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሞይ ኣብርሀት

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ሕመምዎን ሲጽፉልኝ ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የዋልኩት። ምነው አጠገብዎ በሆንኩ።

ያሉኝን አደረግሁ። ቅዳሜ ከሮሃ ጋር ወጣሁ። እዚያ ጅምር ሕንፃ አጠገብ ካለው የአሸዋ ክምር ጀርባ ተደበቀች፤ እኔ ቡላን ይዤ ቆየሁና «ሮሃን ፈልግ» ብዬ ለቀቅሁት። መጀመሪያ ወደ ሥጋ ቤቱ ሄደ። ሁለተኛ ስንሞክር ቀጥ ብሎ ሄዶ አገኛትና ፊቷን ላሳት። አሞይ፣ የልጄን ሳቅ እንደዚያ ከሰማሁት ቆይቻለሁ። የጎረቤት ልጅ ሚስባህም «እኔንም ይፈልገኝ» ብሎ ተቀላቀለ። አሁን ማታ ማታ ቡላ በሩ ላይ ሳይቀመጥ ሮሃ ጫማዋን አድርጋ ትጠብቃለች።

እዝራን ደግሞ የውኃ ሹም አደረግነው። በሩ ላይ ሳህኑን ይዞ ቆሞ ሲመለሱ ያጠጣዋል። አንድ ሳምንት እንዲህ ሠራ። ከዚያ በራሱ ጊዜ «እስከ ማዕዘኑ ልውሰድለት» አለኝ። ውኃው እንዳይፈስበት ሳህኑን እያየ፣ ቀስ እያለ ሄደ። ማዕዘኑ ላይ ደርሶ ዞር ብሎ አየኝ።

አውሮፕላኑን እኔ ልብ ሳልለው እሱ መሬት ላይ ነበር። በደረቱ ተኝቶ፣ ጆሮውን ይዞ። አንድ ባጃጅ ፍሬን ይዞ አጠገቡ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ «ወድቆ ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ወድቆ ነው» አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ።

ተሸክሜው ገባሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይም አይቆምም፤ ሳህኑንም አይነካም። ሮሃ ቡላን ይዛ ስትወጣ በመስኮት ያያትና እራቱን ይተዋል። የአንዷ ደስታ ለሌላው ቁስል ሆነብኝ። አረጋዊ ውሻው ባይኖር መውጣት የሚባል ነገር አይነሳም፣ ልጁም ይረጋጋል ይላል። እኔም ከሱ ጋር የምከራከርበት አቅም አጣሁ።

አረጋዊ እንጨት የሚጭንለት ሃይደር የሚባል ሰው አለ፤ ላምበረት በኩል የእንጨት መጋዘን አለው። ደግ ሰው ነው፣ ውሻ ይፈልጋል። እርስዎ ሲመጡ እንመልሰዋለን። ግን ያለ ፈቃድዎ አላደርገውም። እስከ ጥምቀት መልስዎን እጠብቃለሁ።

እግዚአብሔር ይማርልን።
ሄርሞን

ቡላ ምን ይበላል ላሉት፤ የተረፈ ሽሮ በእንጀራ፣ ከሥጋ ቤት ደግሞ ሳንባ። በጾሙም ከሱ በቀር ያልጎደለበት የለም።


ቦሌ ቡልቡላ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሞይ ኣብርሀት

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰዎ። መልስዎ አልመጣም። ቂርቆስን ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ «እሺ፣ እነግራታለሁ» ይለኛል። ድምፁ ግን ደስ አላለኝም። ደኅና ነዎት? እኔ እንደሆንኩ ዝም ሲሉኝ ተቆጥተው ይሆናል ብዬ ብዙ አሰብኩ።

ያለ ፈቃድዎ አላደርገውም ብዬ ነበር፤ እዝራ እራቱን መተው ሲቀጥልብኝ ግን ያለፈው ቅዳሜ ቡላን ወደ ላምበረት ወሰድነው። የሆነውን እንዳለ ልንገርዎ።

ሮሃ አልሄድም ብላ ትራስ ውስጥ ተደፍታ ቀረች። እዝራ ግን ሳንጠራው መጣና ፒክአፑ ውስጥ ገባ። መስኮቱን ዘጋንለት። ቡላ እግሩ ላይ ተኛ። መንገዱን ሁሉ አልተናገረም።

ሃይደር በሩ ላይ ተቀበለን። ቡላን ገና ሲያየው ወደደው፤ ጀርባውን ዳበሰ፣ ጥርሱን አየ። ማሰሪያውን፣ የተሠራለትን ቤት አሳየን። መልካም ቦታ ነው አልኩ በልቤ። ያን ጊዜ እዝራ ተናገረ፦

«ማታ ማን ያስወጣዋል?»

ሃይደር ጎንበስ አለለት። «ማታ ማታ ግቢው ውስጥ እንለቀዋለን።»

«ውጭስ?»

«ውጭ አይወጣም። ጠባቂ አይደል?»

«ሁልጊዜ አይወጣም?»

«ሁልጊዜ።»

እዝራ ቡላን አየው። «ፈርቶ ነው?»

«አይ፣ እሱስ አይፈራም» አለ ሃይደር። «ሥራው ነው እንጂ።»

ልጄ ገመዱን ከአባቱ እጅ ወሰደና በመጣንበት በር ወጣ። የማንንም ፊት አላየም። አረጋዊ ሊጠራው አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። እንዲህ ያለ ልጅ እኮ ነው፣ ከደጃችን ማዕዘን ያላለፈ። አሁን በላምበረት መናኸሪያ በኩል፣ ረዳቶች «ደብረ ብርሃን! ሸኖ!» እያሉ በሚጮሁበት፣ አውቶቡሱ ጥሩንባ በሚነፋበት መካከል፣ ውሻ እየመራው ይሄዳል። ቡላ የሎሚ ሻጯን ዘንቢል ሲያሸት ቆሞ ይጠብቀዋል። ቡላ ሲነሳ ይነሳል። እኛ ከኋላ ከኋላ ተከተልነው፣ እንደ ሌባ።

እግሩ ሲደክም ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አየን። «ይኼ ለሰው አይሰጥም» አለ። ተቆጥቶም አይደለም፣ አልቅሶም አይደለም፤ ሽማግሌ እንደሚናገረው ነው የተናገረው።

ሃይደር ደውሎ «ልጁ ወስኗል፤ እኔ ሌላ እፈልጋለሁ» ብሎ ሳቀ። ተሸማቅቀን ተመለስን። ሮሃ ቡላን ስታየው ሄዳ ሳህኑን ሞላች።

ሁሉም ተፈታ ለማለት አይደለም። ማግሥቱን አውሮፕላን ሲያልፍ እዝራ አልጋ ሥር ገብቶ አገኘሁት። ብቻ ቡላም አብሮት ገብቶ ነበር።

እባክዎ አንድ ቃል ይላኩልኝ።
ሄርሞን


ስቱትጋርት፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄርሞን

ዐቢይ ጾምን በጤና ያስጀመረሽ፣ በጤና ያስፈጽምሽ። አልተቆጣሁም። ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ደም የሚያስገቡበት ቦታ አመርቅዞ በትኩሳት ከረምኩ። ቂርቆስ እንዳይነግርሽ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ለታኅሣሡ ደብዳቤሽ አልጋ ላይ ሆኜ መልስ ጽፌ ነበር። «ስጪው» ብዬ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቂርቆስ ጽሕፈቱን ማንበብ አቅቶት ሳይልከው ቀረ። ልጅሽ ከእኔ የተሻለ አሰበ። የላምበረቱን ታሪክ ነርሷ እንድትሰማው ቂርቆስን በጀርመንኛ አስነገርኩት፤ ሰው ደስ ሲለው የሚያደርገውን ሲያጣ የሰው እጅ ይይዛል መሰለኝ፣ እጄን ያዘችኝ።

አሁን የሚከተለውን ለእዝራ አንብቢለት።

እዝራ፣ የኔ ጌታ። እኔ አርጅቼ ጆሮዬ አይሰማም። አውሮፕላን በራሴ ላይ ቢያልፍ አላውቅም። ቡላን ያን ያህል ዓመት ይዤው ስወጣ አንድ ነገር ሳላይ ቀረሁ፤ አውሮፕላን ሲመጣ ጆሮውን ምን ያደርገዋል? ያቆመዋል ወይስ ያስተኛዋል? ካለፈስ በኋላ? አንተ አይተህ ንገረኝ። ሰማዩን ማየት የለብህም። ጆሮውን ብቻ እይ። ከመስኮት ብታየውም ይሆናል። አልቸኩልም።

ሄርሞን፣ ጥምቀት አለፈ። ፋሲካም ይምጣና እናያለን።

አሞይሽ


ቦሌ ቡልቡላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሞይ ኣብርሀት

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። የዘገየሁት እዝራ «ገና አልጨረስኩም፣ አትላኪ» እያለ ስለከለከለኝ ነው። እሱ የነገረኝን እንዳለ እጽፋለሁ፦

«አሞይ፣ ቡላ ከእኔ በፊት ይሰማል። መጀመሪያ የግራ ጆሮው ይቆማል፣ ከዚያ የቀኙ። ያን ጊዜ እኔ ገና አልሰማሁም። ከዚያ አውሮፕላኑ ይመጣል። ትልቁ ሲሆን ጭራውንም ያቆማል። ከዚያ ያዛጋል። ከዚያ ማሽተቱን ይቀጥላል። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። አንድ ቀን ብቻ አላዛጋም፣ ግን አጥንት ይዞ ነበር።»

እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ከመስኮት፣ ከዚያ ከበሩ ደፍ ላይ፣ ከዚያ ከእህቱ ጋር መንገድ ወጥቶ። የቡላ ጆሮ ሲቆም እዝራ ቁጢጥ ብሎ ጀርባው ላይ እጁን ያደርጋል፣ ዓይኑን ከጆሮው አይነቅልም። ሲያዛጋ «አለፈ» ብሎ ይነሳል። ሮሃና ሚስባህም አሁን አብረው ቁጢጥ ይላሉ፤ ጆሮው መቆሙን ቀድሞ ያየ ያን ቀን ገመዱን ይይዛል። የሰፈሩ ሰው ምን እንደሚያስብ አላውቅም።

ሁልጊዜ አይሳካም። ባለፈው ሳምንት ሄሊኮፕተር መጥቶ ሮጦ ገብቶ ነበር። ግን በማግሥቱ ወጣ።

በዳግማይ ትንሣኤ እሁድ አረጋዊም አብሮን ነበር። ሮሃ «ዛሬ ቡላ ይምረጥ» አለች። በየመታጠፊያው ገመዱን እያላላን ተከተልነው። አረጋዊ «አሁን ወዴት ነው የሚወስደን ይኼ ጌታ» እያለ ያጉረመርማል። በመጨረሻ ቀጥታ አንድ የሰርግ ድንኳን ውስጥ ይዞን ገባ። ልንመለስ ስንል አንድ አዛውንት «እንግዳ ተመልሶ አይወጣም» ብለው አስቀመጡን። የማን ሰርግ እንደሆነ ሳናውቅ በላን። አረጋዊ እንዲያ ሲስቅ ከመቐለ ከወጣን ወዲህ አላየሁትም። ስንመለስ ግን ከሳቁ ይልቅ ድካሙ ተሰማኝ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሞይ፣ ልጆቹ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «አሞይ ስትመጣ ቡላን ትወስድብናለች?» ይላሉ። መቼ እንደሚመጡ አላውቅም። ምን ልበላቸው?

ሄርሞን


ስቱትጋርት፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄርሞን

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። የእዝራን መልስ አልጋዬ አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

ልትጠይቂኝ ፈርተሽ በልጆቹ አፍ ጠየቅሽኝ። እኔም ልመልስልሽ ፈርቼ ወር አቆየሁሽ። አልመጣም፣ ሄርሞን። ሐኪሞቹ ገና በብርዱ ወራት ነግረውኛል። ከማሽኑ ሁለት ሦስት ቀን መራቅ አልችልም፤ እዚያ አገር ደግሞ እንደዚህ አዘውትሬ ማግኘቴን ቂርቆስ አላመነበትም። ልቤም ደክሟል። ጥምቀት፣ ፋሲካ ስልሽ የነበረው ውሸት አልነበረም፣ ምኞት ነው። በሩ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀኝ አንድ ፍጥረት እንዳለ ማሰብ ደስ ይለኝ ነበር። ለዚያ ነው አትስጪው ያልኩሽ፤ ለልጆቹ ብዬ እንዳይመስልሽ።

ቡላ የልጆቹ ነው። ቤቱን በተመለከተ ቂርቆስ ይጽፍልሻል፤ ከዚያ ማንም አያስወጣችሁም።

የቡላን ቪዲዮ ልላክ ማለትሽን ቂርቆስ ነግሮኛል፤ ላኪ። የእኔን ቢልክልሽ ግን ለቡላ አታሳዪው። ድምፄን ከሰማ ይፈልገኛል።

ዛሬ በዚህ ይብቃኝ።
ኣብርሀት


ቦሌ ቡልቡላ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሞይ ኣብርሀት

ደብዳቤዎን አንብቤ ሁለት ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ቢሮም ሄድኩ፣ ገበያም ወጣሁ። ለእኔ ምን እንደሆኑ በጽሑፍ ልነግርዎ ሞክሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ያውቁታል።

ለልጆቹ ትናንት ነገርኳቸው። ቡላ የናንተ ነው ስላቸው ሮሃ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። «እንዲህ ከሆነስ አልፈልግም» ብላ አለቀሰች። እዝራ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ገመዱን አምጥቶ «ነይ እንሂድ» አለኝ፤ እህቱ መነሳት ስላልቻለች እኔና እሱ ወጣን። ካፊያ ነበር።

ቡላ እንደ ልማዱ በተስፋልደት ሱቅ በር ላይ ቆመ። ሁልጊዜ እዚያ ይቆማል፤ ለምን እንደሆነ አስቤበት አላውቅም ነበር። እዝራ ወደ መስኮቱ ተጠጋና፣ ያ ለሰው ሰላም የማይለው ልጅ፣ «አሞይ ኣብርሀት አትመጣም» አለ። «ታማለች። በማሽን ነው የምትኖረው። ሰላም በሉልኝ ብላለች።»

እንዲህ አላሉም። እሱ ነው የጨመረው።

ተስፋልደት ከሱቁ ወጥቶ ዝናቡ ላይ ቆመ። «ማታ ማታ እዚህ ቆማ ታወራኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ ቡላ ወደ ልብስ ሰፊዋ ወደ ትግስት ወሰደን፤ እሷም ጋ እዝራ ያንኑ ተናገረ። ከዚያ ወደ ጡረተኛው ወደ አቶ ኃይለኪሮስ በር። እርስዎ ይቆሙባቸው የነበሩትን ደጆች ውሻው አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። በመካከሉ አውሮፕላን አለፈ። እዝራ ንግግሩን አቁሞ የቡላን ጆሮ አየ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ካቆመበት ቀጠለ።

የተላከልዎትን እነሆ። ተስፋልደት፦ «ዱቤ የለባትም፣ አታስብ በሏት፤ እኔ ነኝ ብዙ ወሬ የተበደርኳት» ብሏል። ትግስት የነጠላዎን ጥለት ጨርሳዋለች፣ በሚመጣ ሰው ትልከዋለች። አቶ ኃይለኪሮስ ምንም አላሉም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ልጁን ግንባሩን ሳሙት። «ይኼንንም ጻፊላት» ያለኝ እዝራ ነው።

እጄ ዝሏል፣ ላቁም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የምጽፈውን ይጠብቀኛል። ነገ በወዲያኛው መንገድ በኩል እንሂድ ይለኛል፤ እዚያ ያሉት ገና አልሰሙም።

ልጅዎ
ሄርሞን